እርዳታ ሥራ ልትገቡ ላሰባችሁ ልጆች

ሰሞኑን እዚህ አዳማ አዲስ የተመረቃችሁ ልጆች "ጋሼ እርዳታ ሥራ እንዴት ይገባል" እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ፣ እኔም ዕድሜዬን እህል መጋዘንና ስርጭት ላይ ስለፈጀሁ የማውቃትን ልበላችሁ። የጅቡቲ መንገድ በዚህ ስለሚያልፍ ስንዴው እዚህ ይራገፍና ወደየወረዳው ይጫናል፣ ሰው ደግሞ እርዳታ ማለት ባነር የተለጠፈበት መኪና ሲወጣ ፎቶ መነሳት ይመስለዋል። ዋናው ጣጣ ግን የተረጂ ስም ዝርዝሩ ላይ ነው ያለው።

በተለይ ጦርነት ሲሆን። ያው መንግሥት በአንድ እጁ ይዋጋል በሌላው ስንዴ ያድላል፣ ዝርዝሩን የሚሠራው ደግሞ የቀበሌ ኮሚቴ ነው፣ ልጇ ከወዲያኛው ወገን ተሰለፈ የተባለች እናት ስሟ ሳይነበብ ሊታለፍ ይችላል፣ ማንም ቃል አይተነፍስም። እናንተ ተንፍሱ። ሲቪልን በረሃብ መዋጋት በፈረንጆቹ 1977 በወጣው የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ ማለትም በአገሮች የጦርነት ሕግ ስምምነት፣ የተከለከለ ነው፣ የርስ በርስ ጦርነትም ቢሆን፣ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። የእናትየዋ ራሽን የማንም ውለታ አይደለም። "ልጅሽ የት ነው" ብሎ መጠየቅም ሥራችሁ አይደለም።

ሌላው ስፍር ነው። እኛ አገር የተለመደው ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የምትጠጋ ዘይት ነው። ማዳበሪያው ግን 50 ኪሎ ነው፣ ለሦስት ሰው ሲሰጥ 45 ይሆናል፣ 5ቷ ኪሎ የት ገባች? ትንሽ ትመስላለች፣ ሺህ ማዳበሪያ ላይ ግን 50 ኩንታል ናት፣ እና ነጋዴው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

በፈረንጆቹ 2023 ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ እየተሰረቀ ነው ብለው መጀመሪያ ትግራይ ላይ ከዛ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ድረስ ማለት ነው። የሰረቀው ሳይሆን የተራበው ተቀጣ፣ እኔ እስካሁን ያበሽቀኛል፣ ለጋሹም ቢሆን ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት ባይ ነኝ። ግን በሩን የከፈተው እኮ ባዶ ዌይቢል (የጭነት መረካከቢያ ወረቀት) ላይ የፈረመ ሰው ነው። መኪናው ሳይራገፍ አትፈርሙ፣ ሹፌሩ ቸኩያለሁ ቢልም፣ አለቃ ቢደውልም።

ሲቪ ለምትልኩልኝ ደግሞ፣ ኤክሴል የሚችል ሞልቷል፣ አፋርኛ ሶማሊኛ ወይ ትግርኛ የምትችሉ ግን እሱን መጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉት።