የአሥራ ስድስት ዓመት ሠራተኛና አዲስ ተቀጣሪ እኩል ደመወዝ ሲያገኙ

እህቴ፣ ከተማ አስተዳደራችሁ አዲሱን የደመወዝ ስኬል ሲተገብር ነባሩን ሠራተኛ በየትኛው እርከን (በአንድ የሥራ ደረጃ ውስጥ ደመወዝ ከፍ እያለ የሚሄድበት መወጣጫ) ብታስቀምጡት ፍትሐዊ እንደሚሆን ጠይቀሻል። እኔ በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ሁለት ጊዜ እንዲህ ያለ ድልድል ሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን አበላሽተነው ስለነበር ከእሱ ልጀምር።

የተከተልነው ብዙዎች የሚመርጡትን መንገድ ነው። የሠራተኛው የቀድሞ ደመወዝ ይታይና በአዲሱ ስኬል ከዚያ በማያንሰው የቅርብ እርከን ላይ ይቀመጣል። ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ በጀቱም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚታየው ቁጥሩን ስታሰይው ነው። ለምሳሌ የቀድሞው መነሻ 4,000 ብር፣ በእርከኖች መካከል ያለው ልዩነት 200 ብር ነበር እንበል። አዲሱ መነሻ 6,000፣ ልዩነቱ 300 ይሁን። በቅርቡ የተቀጠረው ከ4,000 ወደ 6,000 ይወጣል። አሥራ ስድስት ዓመት አገልግላ ስምንተኛ እርከን በመድረሷ 5,600 ብር ታገኝ የነበረችውም 6,000 ላይ ታርፋለች። ለእሱ 2,000፣ ለእሷ 400 ተጨመረ ማለት ነው። ስምንቱ እርከን በአንድ ደብዳቤ ጠፋ።

የእኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አሥራ ስድስት ዓመት አገልግላ ነበር። ደብዳቤው በተሰጠ ማግስት ቢሮዬ መጣች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። የራሷን ደብዳቤና ማኅደር አያያዝ ያስተማረቻትን ወጣት ደብዳቤ ጎን ለጎን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ የደመወዙን መስመር በጣቷ አሳየችኝ። ከስማቸው በቀር ልዩነት አልነበረውም። የምመልስላት አጣሁ።

ችግሩ በአገር ደረጃም ታይቷል። በ2017 ዓ.ም. የፌዴራል ማስተካከያ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲወጣ፣ ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492 ብቻ ነው ያደገው። ታችኛውን ማንሳት ተገቢ ነበር፤ በ1,100 ብር ማን ቤተሰብ ያስተዳድራል? ነገር ግን የታችኛው ሲነሳ መካከለኛው በነበረበት ከቀረ የተጨቆነው እሱ ነው። በ2018 መነሻው 6,000፣ ጣሪያው 39,000 ሲደረግ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንደገና ሰፋ።

በሁለተኛው ድልድል ያደረግነው እንዲህ ነው። ሁሉንም ሠራተኛ መጀመሪያ ወደ አዲሱ ደረጃው መነሻ አመጣን፤ ቀጥሎ በዚያው ደረጃ ላይ ላገለገለው ለእያንዳንዱ አራት ዓመት አንድ እርከን ሰጠን። ከላይ ባለው ምሳሌ አሥራ ስድስት ዓመት ያገለገለችው አራተኛ እርከን ላይ ትቀመጥና 7,200 ታገኛለች። የነበራትን ስምንት እርከን እንዳለ ብናሻግርላት 8,400 ይደርስ ነበር፤ ለዚያ በጀት አልነበረንም። አራቱ ዓመት በእናንተ በጀት ሦስት ወይም አምስት ሊሆን ይችላል። የአገልግሎት ዘመን ሲቆጠር ግን የግል ማኅደሩን አንድ በአንድ ክፈቱ፤ ከኮምፒውተር በወጣው ዝርዝር ላይ የኮንትራት ዘመናቸው ያልተካተተላቸው ሰዎች አግኝተናል።

በጀቱን ስትሠሪ ሠራተኛው ከየትኛው ቋት እንደሚከፈለው ለይተሽ ያዢ። ከክልሉ በሚመጣው ድጎማ የሚከፈላቸውና በማዘጋጃ ቤት ገቢ የሚተዳደሩት የተለያዩ ናቸው። የጽዳትና የመናፈሻ ሠራተኛው ገንዘብ ከከተማው ገቢ ከሆነ፣ የገቢ አሰባሰቡ ሲዳከም ጭማሪው ለእሱ ብቻ ይዘገያል። ያ ከሁሉ የከፋ አድልዎ ነው፤ ስኬሉ ከመጽደቁ በፊት ለምክር ቤቱ በጽሑፍ አሳውቁ።

ደመወዙ ከአዲሱ ጣሪያ በላይ የሆነ ሰው ካለ አይቀነስበት፤ የያዘው ተጠብቆለት ይቆይ።

ደብዳቤው ላይ የተጣራውንም ጻፉበት። ከ4,760 ወደ 6,000 የገባ ሠራተኛ 1,240 ብር ተጨመረልኝ ብሎ ያቅዳል። በአሁኑ የገቢ ግብር ከ6,000 ላይ 700 ብር ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 420 ብር፣ ሲቀነስ እጁ የሚገባው 4,880 ነው። በዚሁ ግብር ከ4,760 የሚተርፈው 3,975 ገደማ ስለነበር እውነተኛው ጭማሪ 905 ብር አካባቢ ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍለው በዚህኛው ነው።

ድልድሉን ከማጽደቃችሁ በፊት ረቂቁን ለአሥር የሥራ ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት፤ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴውም በዚያው ጊዜ ሥራ ይጀምር። የእኛዋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በሁለተኛው ዙር ረቂቁን ሰሌዳው ላይ ያነበበች የመጀመሪያዋ ሰው ነበረች፤ የሁለት ባልደረቦቿን የተሳሳተ የቅጥር ዘመንም ያገኘችው እሷ ናት።