ደመወዜ ጨመረ፣ እንቅልፌ ጠፋ

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ኮምቦልቻ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። 29 ዓመቴ ነው። ከስድስት ወር በፊት ከማሽን ተነስቼ ሱፐርቫይዘር ሆንኩ። ደመወዜ ጨመረ። ከደሴ መመላለሱ ቀርቶ እዚሁ ቤት ተከራየሁ። ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ልቤ እየመታ እነቃለሁ። ጠዋት መነሳት ያስጠላኛል። ድሮ አብረን ምሳ የምንበላ ልጆች ስመጣ ዝም ይላሉ። ታርጌቱ የሚወጣው ከላይ ነው፤ ካልሞላ የምጠየቀው እኔ። እናቴ «ጥጋብ ነው» ትለኛለች። እውነት ጠግቤ ነው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ጥጋብ አይደለም።

እናትህ የሚያስቡት ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት የተማርነውን ነው። መጀመሪያ ሆድ ይሙላ፣ ሌላው ተራውን ጠብቆ ይመጣል። አብርሃም ማስሎ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1943 የሰውን ፍላጎት በአምስት ከፍሎ ጻፈ፤ የሥጋ ፍላጎት፣ ደህንነት፣ ፍቅርና ወገን፣ ክብር፣ ከዚያም ሰው መሆን የሚችለውን መሆን። እነዚህን እንደ ፒራሚድ ደርድረው የሳሉት ግን ሌሎች ናቸው። እሱ ራሱ ቅደም ተከተሉ የማይናወጥ እንዳልሆነ ጽፏል።

እኔም ለሥራ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረድኩ ጊዜ አይቼዋለሁ። ደሴ ጎረቤት «ቡና ደርሷል» ብሎ ይጣራል። ኮምቦልቻ የሚጠራኝ አልነበረም። ራቴን ቆሜ እበላ ነበር። ታምሜ መስሎኝ ሐኪም ቤት ሁሉ ሄድኩ። የጎደለኝ ሰው ነበር።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የሚባሉ ተመራማሪዎች፣ ሰው ከውስጡ እንዲነሳሳ ሦስት ነገር ይሻል ይላሉ። ሥራውን መቻል፣ በራሱ መወሰን፣ ከሰው መተሳሰር። ሥራውን ትችላለህ። ሁለቱን ግን በሹመቱ ማግስት አጣሃቸው።

ልብህ ለምን ይመታል? ከደሴ ስትወርድ ሚኒባሱ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ሰውነትህ አድሬናሊን የሚባል የድንጋጤ ሆርሞን ይለቃል፤ ኮርቲዞል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞንም ይከተላል። መንገዱ ሲስተካከል ልብህ ይረጋጋል። የታርጌት ቁልቁለት ግን በየቀኑ አለ። ሀንስ ሴልዬ የሚባለው ሐኪም ሰውነት ለጭንቀት የሚሰጠውን ምላሽ በሦስት ከፈለው፤ ድንጋጤ፣ መቋቋም፣ በመጨረሻ መዛል። አሁንም ሥራህን እየሠራህ ነውና መሃሉ ላይ ያለህ ይመስለኛል። ሳትዝል በመጻፍህ በጣም ደስ ብሎኛል።

ሰኞ ምሳህን ይዘህ ልጆቹ ዘንድ ተቀመጥ። ስለ ሥራ አታንሳ። የመጀመሪያው ቀን ይከብዳል፤ ማክሰኞም ሂድ። አለቃህን ደግሞ «በእኔ መስመር ማን የት ማሽን ላይ እንደሚቀመጥ እኔ ልወስን» በለው። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን የራስህ ትሆናለች። ቅዳሜ ወደ ደሴ ውጣ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ለእናትህ ይህን አንብብላቸው።

እንቅልፉ በሁለት ሳምንት ካልተመለሰ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ደረትህን ካመመህ ግን ሁለት ሳምንቱን አትጠብቅ፣ ያኔውኑ ሂድ።