ሸክላ ወይስ ባለከፍተኛ ጥራት ዲጂታል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ቤት ውስጥ ሙዚቃ ለማዳመጥ ሸክላ ይሻላል ወይስ ባለከፍተኛ ጥራት የሚባለው የዲጂታል ቅጂ በሚለው ዙሪያ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አጣምሬ፣ ረዘም ያሉትን አሳጥሬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ሸክላ ድምፁን ሳይቆራርጥ እንዳለ ስለሚይዝ ከየትኛውም ዲጂታል ይበልጣል ይላል። እኔ ደግሞ በ24 ቢትና በ192 ኪሎኸርትዝ ሙዚቃ የሚያቀርብ አገልግሎት ደንበኛ ነኝ። ማናችን ነን ትክክል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በመለኪያ ከሄድን ዲጂታሉ ይበልጣል፤ ያውም እርስዎ የሚከፍሉበት ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ተራው ሲዲ ራሱ። ሲዲ በ16 ቢትና በ44.1 ኪሎኸርትዝ የተቀዳ ሲሆን (ቢቱ እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል በዝርዝር እንደተጻፈ፣ ኪሎኸርትዙ ድምፁ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተለካ ይናገራል)፣ እጅግ ዝግ ባለውና እጅግ ከፍ ባለው ድምፅ መካከል ወደ 96 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) የሚደርስ ስፋት አለው። በጥንቃቄ የታተመና ንጹሕ ሸክላ ቢበዛ 70 ዴሲቤል ገደማ ቢደርስ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ድምፅ የሸክላው ገጽ ራሱ የሚያሰማው ሽርታ ይውጠዋል።

«ሳይቆራርጥ» የሚለው ክርክር ከዓመት ዓመት የሚመለስ ነው። ዲጂታል ቅጂ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በቁጥር መመዝገቡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ድግግሞሹ ከዚህ ልኬት ግማሽ በታች የሆነ ማንኛውም ሞገድ ከቁጥሮቹ ተመልሶ ሲሠራ፣ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ሳይሆን እንደነበረው ለስላሳ ሞገድ ሆኖ ነው የሚወጣው። ግማሹ 22.05 ኪሎኸርትዝ ነው። የጤነኛ ወጣት ጆሮ ጣሪያ 20 ኪሎኸርትዝ አካባቢ ሲሆን፣ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ከዚያ እየወረደ ይሄዳል።

ሸክላ ድምፁን «እንዳለ» ይይዛል ማለትም አያስኬድም። ሸክላው ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ደግሞ ይጨመራል፤ በ20 ኸርትዝ 20 ዴሲቤል ገደማ ተቀንሶ፣ በ20 ኪሎኸርትዝ የዚያኑ ያህል ይታከላል። ይህ ባይደረግ ኖሮ የቤዝ ጊታሩ ሞገድ መርፌው የሚሄድበትን ቦይ አለቅጥ ስለሚያሰፋው በአንድ ገጽ 20 ደቂቃ ሙዚቃ ማስፈር ባልተቻለ ነበር። ቅነሳውንና ጭማሪውን መልሶ የሚያስተካክለው አምፕሊፋየሩ ላይ «ፎኖ» ተብሎ የተጻፈበት መግቢያ ነው። ከዚህም ሌላ፣ በደቂቃ 33⅓ ዙር በሚዞረው ባለ12 ኢንች ሸክላ ላይ መርፌው በውጨኛው ጠርዝ በሰከንድ 51 ሴንቲሜትር ያህል ቦይ ሲያነብ፣ ወደ መሐሉ ሲጠጋ 21 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው የሚያነበው። የአንድ ሰከንድ ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ርዝመት ውስጥ ይታጨቃል ማለት ነው። በገጹ የመጨረሻ ዘፈን ላይ የዘፋኟ «ሰ» እና «ሸ» ሻከር ብለው የሚሰሙትም በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ የጓደኛዎ ጆሮ አሳስቶታል? አልልም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ብዙ የሲዲና የዲጂታል ቅጂዎች ከሌላው ጎልተው እንዲሰሙ ተብሎ ዝግ ያለውና ከፍ ያለው ድምፅ እኩል እስኪመስል ድረስ ተጨፍልቀው ነው የወጡት። የዚያው አልበም ሸክላ ለብቻው ከተዘጋጀ፣ ማለትም ማስተሪንጉ የተለየ ከሆነ፣ ከበሮው ሲመታ በእርግጥ ይመታል፣ ዘፋኙም ሲተነፍስ ይሰማል። ጓደኛዎ የሰማው ልዩነት እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ምንጩ ግን የባለሙያው ውሳኔ እንጂ ፕላስቲኩ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን ሲያወዳድሩ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ቅጂ ከየትኛው ማስተር፣ ማለትም ለኅትመት ከተዘጋጀ የመጨረሻ ቅጂ፣ ወጣ?» የሚለው ነው። በዚህ አጋጣሚ፣ የአልበሞችን የድምፅ ስፋት በቁጥር የሚያወጡ ፕሮግራሞች አንድ ዓይነት ማስተር ለተሠራለት ሸክላ እንኳ ከዲጂታሉ የላቀ ቁጥር ስለሚሰጡ፣ እሱን እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ ከሲዲ ጥራት በላይ ለሆነው ቅጂ ተጨማሪ መክፈል ያዋጣል? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ ለአብዛኛው አድማጭ አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የድምፅ ምሕንድስና ማኅበር መጽሔት የወጣውን የሜየርና የሞራን ጥናት ልጥቀስልዎ። አድማጮች ባለከፍተኛ ጥራቱን ቅጂ በቀጥታና በሲዲ ልክ አሳልፈው እያፈራረቁ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳያውቁ አዳምጠው ነበር። ከ554 ሙከራዎች ትክክለኛው ግምት 276 ሆነ፤ ሳንቲም እየወረወሩ ቢገምቱም ከዚህ የተለየ ባልተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሹዋ ራይስ የተባሉ ተመራማሪ 18 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲተነትኑ ትክክለኛው ግምት 52.3 በመቶ ሆኖ አግኝተውታል፤ ሥልጠና የወሰዱ አድማጮች ደግሞ ከዚህ የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ልዩነቱ ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም፤ ግን በጸጥታ ተቀምጠው፣ ተለማምደው፣ አፈራርቀው ካልፈለጉት በቀር የማይገኝ ነው።

የዳታውንም ዋጋ ያስቡት። አራት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን ሳይጨመቅ በሲዲ ጥራት 42 ሜጋባይት ሲሆን፣ በ24 ቢትና በ192 ኪሎኸርትዝ 276 ሜጋባይት ይደርሳል። በብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ የሚያዳምጡ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይልፉ፤ ተራው ብሉቱዝ ሙዚቃውን ጨምቆና ከላዩ ቀንሶ ነው የሚያስተላልፈው። በአይፎን እንኳ ከ48 ኪሎኸርትዝ በላይ ያለውን ለማግኘት «ዳክ» የሚባለውን፣ ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልስ የውጭ መሣሪያ በገመድ ማገናኘት ያስፈልጋል። ከድሮ ካሴት ተገልብጦ በ24 ቢት የቀረበ ዘፈን ሲያጋጥምዎ ደግሞ፣ በጥንቃቄ የተጠበቀልዎ ነገር የካሴቱ ሽርታ መሆኑን ይወቁ።

ጥያቄ፦ አዲስ የሚታተሙ ሸክላዎች ከዲጂታል ፋይል ነው የሚሠሩት ይባላል። ከሆነ ለምን እገዛለሁ?

መልስ፦ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፤ ነውርም የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2022 የካሊፎርኒያው ሸክላ አሳታሚ ሞባይል ፊደሊቲ፣ ከመጀመሪያው ማስተር ቴፕ የወጡ ተብለው በውድ ከሚሸጡ ሸክላዎቹ ብዙዎቹ በመካከል የዲጂታል ቅጂ እንደነበረባቸው ታወቀና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ደንበኞቹ የተቆጡት በአግባቡ አልተነገረንም ብለው ነው፤ ይህም ተገቢ ቁጣ ነው። የሚያስገርመው ግን፣ ዲጂታል ከሩቁ ይለያል የሚሉት ጆሯቸው የሠለጠነ አድማጮች እነዚህኑ ሸክላዎች ለዓመታት በአርአያነት ሲያወድሱ መኖራቸው ነው። ሸክላ የሚገዙት ለትልቁ ሽፋን፣ አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጡ ለመስማት ወይም ለማስተሪንጉ ከሆነ ገንዘብዎ አልባከነም።

ጥያቄ፦ አባቴ ከአዲስ አበባ ይዟቸው የመጣ ትንንሽ ሸክላዎች ትቶልን አርፏል። አብዛኞቹ የአምሃና የካይፋ ሪከርድ ቤቶች እትሞች ናቸው። ማጫወቻ ላይ ሳስቀምጣቸው ይንጣጣሉ፣ ድምፁም ቀጭን ነው። ወደ ዲጂታል ላስገለብጣቸው ወይስ እንዲሁ ላስቀምጣቸው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። እባክዎ አይጣሏቸው፣ አይቸኩሉባቸውም። አምሃ እሸቴ ሪከርድ ቤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1969 ከፍተው እስከ 1975 ድረስ ያሳተሟቸው ከመቶ የሚበልጡ ባለ7 ኢንች ሸክላዎች፣ ከዚያም የካይፋዎቹ፣ ካሴት ገበያውን ከመረከቡ በፊት የነበረው ዘመን ዋና ምስክሮች ናቸው። የተወሰኑት ዘፈኖች ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ ባሳተሟቸው የ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች ላይ ይገኛሉ፤ በቅድሚያ የእርስዎን ዝርዝር ከዚያ ጋር ያመሳክሩ። እዚያ ያልተገኘው ዘፈን ቤትዎ ያለው ቅጂ ብርቅ ሊሆን ይችላልና ቅድሚያ ይስጡት።

ስለ ቀጭኑ ድምፅ ካነሱ፣ ማጫወቻውን ያገናኙት በ«ፎኖ» ሳይሆን በ«ኦክስ» መግቢያ እንደሆነ እጠረጥራለሁ፤ ከላይ የገለጽኩት የወፍራሙ ድምፅ ቅነሳ ሳይመለስ ሲቀር የሚሰማው እንዲሁ ነው። ለመንጣጣቱ ደግሞ ሸክላውን የተጣራ ውኃ ከሸክላ ማጽጃ ፈሳሽ ጋር ቀላቅለው፣ ለስላሳ ብሩሽ በቦዩ አቅጣጫ ዙሪያውን እየዞረ እንዲያጸዳው ያድርጉ። መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይርስ ይጠንቀቁ፤ የዘፋኙ ስምና የሸክላው ቁጥር ያለው እዚያ ላይ ነው። መርፌው ስንት ዓመት እንደሠራ የማያውቁ ከሆነ ይለውጡት። መርፌ የሚያገለግለው ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ያለቀበት መርፌ ቦዩን ይፍቀዋል፤ የተፋቀውም አይመለስም። አንዳንዶች ከመርፌው በላይ ሳንቲም ይጭኑበታል፤ እርስዎ ግን መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበትን ክብደት የካርትሪጁ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) አምራች በሚያዝዘው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ 2 ግራም አካባቢ፣ ያድርጉት።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። አዎ፣ ያስገልብጡ፤ ወይም ራስዎ ይገልብጡ። እዚህ ላይ 24 ቢት በእርግጥ ጥቅም አለው። ለጆሮ ብሎ ሳይሆን፣ በሚቀዱበት ጊዜ ድምፁ ጣሪያ ነክቶ እንዳይሰበር ከፍታውን ዝቅ አድርገው ለመያዝ በቂ ቦታ ስለሚሰጥ ነው። 24 ቢትና 96 ኪሎኸርትዝ ይበቃል። ሸክላው ሞኖ ከሆነ የግራውንና የቀኙን ድምፅ ደምረው አንድ ያድርጓቸው፤ በሞኖ ሸክላ ሙዚቃው የሚቀረጸው በቦዩ የጎን ለጎን እንቅስቃሴ ብቻ ስለሆነ፣ ሲደመር ቆሻሻና ጭረት በወደላይ ወደታች እንቅስቃሴ የሚፈጥሩት ጫጫታ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በጆሮ የሚታወቅ መሻሻል ያገኛሉ። ጫጫታ የሚያጠፉ ፕሮግራሞችን ግን በልክ ይጠቀሙ፤ ከልኩ ሲያልፍ መንጣጣቱን አጠፋሁ ሲሉ የመለከቱን ጫፍና የጸናጽሉን ሽርታ አብረው ይወስዱታል። ያልተነካውን የመጀመሪያ ቅጂ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ የሚያስተካክሉት ሌላውን ይሁን።

ጥያቄ፦ ያለኝ ገንዘብ ውስን ነው። ከጥሩ ሸክላ ማጫወቻና ከጥሩ ዳክ የትኛውን ላስቀድም?

መልስ፦ ሁለቱንም ትተው ስፒከር ይግዙ። ከግድግዳ ትንሽ ፈቀቅ አድርገው፣ ከጆሮዎ ከፍታ ጋር አስተካክለው ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ አሜሪካ የሚኖር ወንድሜ ያገለገለ ሸክላ ማጫወቻ ልኮልኛል። በትራንስፎርመር ከ220 ወደ 110 ቮልት አውርጄ ሰካሁት። ይሠራል፤ ግን ሁሉም ዘፋኝ ጎርነን ያለና የደከመው ይመስላል። ተበላሽቶ ይሆን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አልተበላሸም። ትራንስፎርመሩ የሚለውጠው ቮልቴጁን ብቻ ነው። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ ሲሆን የእኛው ግን 50 ጊዜ ነው፤ በቀጥታ በመብራቱ ምልልስ ፍጥነታቸውን የሚወስኑ የቆዩ ሞተሮች ደግሞ እዚህ ሲመጡ በአንድ ስድስተኛ እጅ ይዘገያሉ። 33⅓ መዞር የነበረበት ሸክላ 27.8 ያህል ብቻ ይዞራል፤ ድምፁም በሦስት የፒያኖ ግማሽ ድምፅ ያህል ይወርዳል። በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ስለማይለወጥ ትዝታው ትዝታ፣ አምባሰሉም አምባሰል ሆኖ ይቀራል፤ ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ሰው ከዝግታው በቀር ምን እንደጎደለ ለይቶ መናገር የሚያቅተው።

መፍትሔው እንደ ማጫወቻው ዓይነት ይለያያል። በላስቲክ ቀበቶ የሚሠራ ከሆነ፣ ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ የቀበቶ መዘውር በባለ50 ኸርትዙ መለወጥ ይቻል እንደሆነ በአምራቹ መመሪያ ውስጥ ይፈልጉ፤ ለአንዳንድ ሞዴሎች ሁለቱም ዓይነት ይሠራል። ያለ ቀበቶ በሞተሩ በቀጥታ የሚዞሩትንና ፍጥነታቸው በኳርትዝ ክሪስታል የሚቆጣጠረውን ማጫወቻዎች የመብራቱ ምልልስ አይነካቸውም፤ ቮልቴጃቸው መስተካከሉን ብቻ ያረጋግጡ። ወንድምዎ ሌላ ለመግዛት ካሰቡ ደግሞ፣ ከመክፈላቸው በፊት ጀርባውን ገልብጠው የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡት። 12 ቮልት ዲሲ ከሚልና አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ከሚቀበል ማጫወቻ ጋር ሐዋሳ ላይ ትራንስፎርመር እንኳ አያስፈልግዎትም።