ጀሪካኑ ላይ 4 ፐርሰንት ከተጻፈ ስንት ውሃ?

አብሽሪ እህቴ፣ ጥያቄሽ የብዙዎቻችን ነው። ከሚሴ አካባቢ ጤና ጣቢያ እንደምትሠሪ ነግረሽናል። 20 ሊትር የ0.5 ፐርሰንት ክሎሪን መበጥበጥ ፈልገሻል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት «1 በረኪና፣ 9 ውሃ» ይላል። አሁን የመጣው በረኪና ግን ክሎሪኑ 4 ፐርሰንት ነው። «በወረቀቱ እንቀጥል ወይ?» ነው ያልሽው።

አትቀጥሉ። ወረቀቱ ለ5 ፐርሰንት በረኪና የተሠራ ነው። በ4ቱ ከበጠበጣችሁት 0.4 ነው የሚወጣው። ደም የነካ ዕቃ ልትነክሩበት ከሆነ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ስሌቱን ያዢ። ጀሪካኑ ላይ ያለውን ቁጥር ለምትፈልጊው አካፍዪ፣ ከዚያ 1 ቀንሺ። 4 ለ0.5 ሲካፈል 8፣ 1 ሲቀነስ 7። ስለዚህ 1 ጆግ በረኪና፣ 7 ጆግ ውሃ። 1 የሚቀነሰው ከ8ቱ ጆግ አንዱ ራሱ በረኪናው ስለሆነ ነው። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ «አንድ ለስምንት» ብሎ ያቀጥነዋል።

ለ20 ሊትርሽ ደግሞ 20ን በ0.5 አባዢ፣ ለ4 አካፍዪ። 2 ሊትር ተኩል በረኪና ይመጣል። ቀሪው 17 ሊትር ተኩል ውሃ ነው። ትምህርት ቤት «ሲ ዋን ቪ ዋን» (C1V1 = C2V2፣ የማቅጠኛ ቀመር) እያሉ ያስፈራሩን ነገር ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

0.05 ከፈለግሽ በጆግ አትድከሚ፤ 79 ጆግ ውሃ ማን ይቆጥራል? ለ20 ሊትር 250 ሚሊ ሊትር በረኪና በመለኪያ ቀድተሽ በውሃ ሙዪው። የ70 ፐርሰንት የክሎሪን ዱቄት ከመጣ ደግሞ ለ0.5 በሊትር 7 ግራም ገደማ ነው። እሱን በሚዛን እንጂ በማንኪያ ግምት አትሥሪው።

አሁን ስሌቱ የማያሳይሽን ልንገርሽ። በረኪና ሙቀትና ብርሃን ያደክመዋል። ኮምቦልቻ ስሠራ ያየሁት ነው፦ ጥላ ያለው ክፍል ለአሮጌ ፋይል ይሰጣል፣ በረኪናው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይቀቀላል። እናንተ ጋ ደግሞ ሙቀቱ ከዚያም ይብሳል። እንዲያ የከረመ ጀሪካን ላይ 4 ቢጻፍም 4 ነው ብለሽ አትመኚው። መጀመሪያ የገባውን መጀመሪያ አውጡ፣ የተበጠበጠውን ደግሞ በየቀኑ ቀይሩ።

ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ባልዲው የፕላስቲክ ይሁን፣ ብረቱን ይበላዋል።