ሳይሞት የቀበርኩት በረዶ መሥሪያ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ። የማቀዝቀዣሽ በረዶ መሥሪያ ጣቶቹ፣ በረዶውን ከሳህኑ የሚያወጡት፣ ይዞራሉ፤ ሳህኑ ግን ደረቅ ነው። ከበሩ ላይ የመጠጥ ውሃ ይወርዳል። ባለሙያው ደግሞ «መሣሪያው ሞቷል፣ ሙሉውን ቀይሪው» ብሎሻል። አትቀይሪው። ቢያንስ ዛሬ አትቀይሪው።

ማብሪያው በርቷል ወይ፣ በረዶ ሲሞላ መሥሪያውን የሚያቆመው የሽቦ ክንድ ወደ ላይ ተነሥቶ ቀርቷል ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ጣቶቹ የሚዞሩ ከሆነ ያንን ሁሉ አልፈሻል።

1. ጆሮሽን ስጪው። በረዶ መሥሪያው ዙሩን ሲጨርስ ከማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ከታች በኩል፣ ለ7 ሴኮንድ ያህል «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይሰማል። የውሃ ማስገቢያው ቫልቭ ተከፈተ ማለት ነው፤ በዚያች ጊዜ ከ100 እስከ 140 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ወደ ሳህኑ መግባት አለበት። ድምፁ ጨርሶ ከሌለ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው፦ ወይ ቫልቩን የሚከፍተው ጥቅል ሽቦ ተቃጥሏል፣ ወይ ከበረዶ መሥሪያው ትእዛዝ አልደረሰውም። «ከበሩ ውሃ እየወረደ ቫልቩ እንዴት ይበላሻል?» እንዳትይ። ቫልቩ ብዙ ጊዜ መንታ ነው፤ አንዱ ለበሩ፣ አንዱ ለበረዶው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይኖራል። ድምፁ ካለና ውሃው ከሌለ ግን የእኔ ቢጤ ነሽ።

እኔ ያንን ድምፅ ሌሊት ሌሊት እሰማው ነበር። ሞተሩ እያቃሰተ ነው ብዬ አዘንኩለት እንጂ ምን እንደሚነግረኝ አልገባኝም።

2. የመሙያ ቱቦውን ጫፍ እዪ። ማቀዝቀዣውን ከሶኬት ንቀዪና በረዶ መሥሪያውን ካወጣሽ በኋላ በእጅ ባትሪ ወደ ኋላ ተመልከቺ፤ ውሃው የሚወርድባት ትንሽ ቱቦ አለች። የእኔዋ አፏ ድረስ በበረዶ ተደፍና ነበር። አንዲት የጣት ጫፍ የምታህል በረዶ! ይህችን ያገኘሁት ግን ባለሙያው «ሞቷል» ብሎኝ፣ የጉብኝት ሒሳቡን ተቀብሎ ከሄደ፣ እኔም አዲስ በረዶ መሥሪያ ገዝቼ ከገጠምኩ በኋላ ነው። ሰውየው አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ማቀዝቀዣውን ከግድግዳው ፈቀቅ አላደረገም። የበሩን ውሃ በጣቱ ነካ አድርጎ «ግፊቱ ደህና ነው» አለኝ፤ አመንኩት።

አዲሱም እንደ አሮጌው ደረቀ። ወደ ባለሙያው መሥሪያ ቤት ስደውል ስልኩን ያነሣችው ሴት አረፍተ ነገሬን እንኳ አላስጨረሰችኝም፦ «የገጠምከው አንተ ነህ፣ ዋስትና የለውም።» ልመልሰው ስል ካርቶኑ ተከፍቷል ተባልኩ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ በሦስተኛው ሙዚቃ ላይ ትተውኝ ጠፉ። እሱን ሙዚቃ ዛሬም ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ለማንኛውም፣ በረዶውን በፀጉር ማድረቂያ አሟሟሁት። በዝቅተኛ ሙቀት፣ ራቅ አድርገሽ፤ ፕላስቲኩ እንዳይቀልጥ። መርፌ በሌለው ስሪንጅ ለብ ያለ ውሃ መርጨትም ይሆናል፤ ከሥር ፎጣ አንጥፊ፣ ማድረቂያውን ደግሞ ወደ ውሃው አታስጠጊው። መልሼ ስገጥመው ውሃ ሞላ። ያን ቀን የቤቱ መሐንዲስ እኔ ነበርኩ።

በሁለተኛው ቀን እንደገና ደረቀ።

3. ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ያን ሁሉ ገንዘብ የበላኝም እሱ ነው። የቀዘቀዘ ቱቦ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ቫልቩ አጥብቆ የሚዘጋው በውሃው ግፊት እየታገዘ ነው። ግፊቱ ደካማ ሲሆን በደንብ አይገጥምም፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ጠብታዋ ሳህኑ ሳትደርስ ቱቦው ውስጥ ትረጋለች። ብዙዎቹ ቫልቮች ቢያንስ 140 ኪሎፓስካል ገደማ ግፊት ይፈልጋሉ። መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግሽም፦ ብርጭቆ ያዢና ከበሩ ለ10 ሴኮንድ ቅጂ። ወደ 180 ሚሊ ሊትር መምጣት አለበት። የእኔ ግማሹን እንኳ አልሞላም። «ደህና ነው» የተባለው ግፊት ይህ ነበር!

ታዲያ ግፊቱን ማን ገደለው? የማቀዝቀዣውን የውሃ ማጣሪያ ጠረጠርኩ፣ ለወጥኩት፤ ያው ነው። ቱቦው ከጀርባ ታጥፎ እንደሆነ ብዬ ማቀዝቀዣውን ጎትቼ አየሁ፤ አልታጠፈም። በመጨረሻ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተንበርክኬ ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄደውን መክፈቻ ስነካው ከሩብ በላይ አልተከፈተም። ከወራት በፊት ከጀርባው ለማጽዳት ዘግቼው፣ ስመልሰው በጥድፊያ ጥቂት ብቻ ያዞርኩት እኔው ራሴ ነበርኩ። ለባለቤቴ የነገርኳት ከሳምንት በኋላ ነው።

ሙሉ በሙሉ ከፈትኩት፣ ቱቦውን እንደገና አሟሟሁት፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልደረቀም።

ስለዚህ ባለሙያ ከመጥራትሽ በፊት መክፈቻውን እስከ መጨረሻው አዙሪ። ማጣሪያሽ ከ6 ወር ካለፈ ቀይሪው። ከውሃው መስመር ላይ ሌላ ማጣሪያ የተቀጠለ ካለ እሱም ግፊት ይበላል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ቱቦው ደግሞ ከቀዘቀዘ ቫልቩ ራሱ አርጅቷል፤ ቫልቩን ብቻ ቀይሪ፣ ዋጋው ከሙሉው መሣሪያ ጋር አይወዳደርም። ውሃ ሲጀምር አንድ ቀን ሙሉ ታገሺው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙር በረዶም ጣዪ።

በነገራችን ላይ «የሞተውን» አሮጌ በረዶ መሥሪያ መልሼ ገጥሜዋለሁ፤ እየሠራ ነው። አዲሱ ካርቶኑ ውስጥ ተኝቷል።

አሁን ሄደሽ አዳምጪ፤ «ዝዝዝ» አለ ወይስ አላለም? ብርጭቆውስ በ10 ሴኮንድ ምን ያህል ሞላ? ሁለቱን ጻፊልኝ።