ከቦታ የወጡ የፈረንሳይ የቤተሰብ ስሞች፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ጥያቄ፦ በመካከለኛው ዘመን ሰነድ ላይ አንድ ሰው «የሊዮኑ» ተብሎ ከተጻፈ ነዋሪነቱ በሊዮን ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሊዮን ውስጥ ሁሉም የሊዮን ሰው በመሆኑ ስሙ አንዱን ከሌላው አይለይም፤ የሚወጣለት አገሩን ለቆ ሌላ ከተማ ሲገባና አዳዲስ ጎረቤቶቹ በመጣበት ሲጠሩት ነው። በንጉሥ ፊሊፕ 4ኛ ዘመን፣ በ1292 የተዘጋጀው የፓሪስ የግብር መዝገብ ነዋሪዎቹን በየመንገዱ ሲዘረዝር ከመጠሪያ ስማቸው ቀጥሎ «እንግሊዙ»፣ «የብሬታኙ» (ብሬታኝ በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ ያለ ክፍለ ሀገር ነው) እያለ ይመዘግባቸዋል። ይሁን እንጂ ቅጽሉ በዚያን ጊዜ ገና ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉ ያልጸና ስለነበር፣ ልጁ በሙያው ተጠርቶ ቢገኝ ሊያስገርም አይገባም።

ጥያቄ፦ በስሙ ውስጥ «ደ» የሚል ቃል (በፈረንሳይኛ «የ» ወይም «ከ» ማለት ነው) ካለ ቤተሰቡ የመኳንንት ዘር ነው?

መልስ፦ አይደለም። ገበሬውም ነጋዴውም በዚሁ ቃል ይጠራ ነበር።

ጥያቄ፦ ቪልነቭ የሚባል ቤተሰብ መነሻውን እንዴት ይፈልግ? በዚህ ስም የሚጠሩት ቦታዎች እጅግ ብዙ ናቸው።

መልስ፦ ከካርታው አይጀምሩ። ንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ በ1539 ባወጡት ድንጋጌ ቀሳውስት የጥምቀት መዝገብ እንዲይዙ ታዟል፤ ከዚያ ዘመን የተረፉት ጥቂት ቢሆኑም፣ የኋለኞቹን በየዲፓርትመንቱ (የፈረንሳይ የአስተዳደር ክፍል) ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ ማንበብ ይቻላል። ከቅርቡ ትውልድ ተነሥተው ወደ ኋላ እየቆጠሩ ቤተሰቡ መጀመሪያ የታየበትን መንደር ካገኙ በኋላ፣ ታዋቂውን ከተማ ትተው በዙሪያው ያሉትን ትንንሽ ስፍራዎች ይመርምሩ። አንዳንዱ ስም የወጣው ዛሬ ከጠፋ የእርሻ ሰፈር ስለሆነ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ዝርዝር የፈረንሳይ ካርታ፣ የካሲኒ ካርታ የሚባለው፣ እዚህ ላይ ከዘመናዊው ካርታ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ የስሙ መድረሻ አካባቢውን ይጠቁማል?

መልስ፦ በተወሰነ ደረጃ ይጠቁማል። በደቡብ ያለችው ኦሪያክና በፓሪስ አጠገብ ያለችው ኦርሊ ሁለቱም የተገኙት «የአውሬሊዩስ ርስት» ከሚል የላቲን ስም ሲሆን፣ ደቡቡ «አክ» የሚለውን መድረሻ ሲጠብቅ ሰሜኑ ወደ «ኢ» ለውጦታል። ነገር ግን በብሬታኝም እንደ ሉዴያክ ያሉ ስሞች ስላሉ ይህን ብቻ ይዞ መወሰን ያሳስታል።

ጥያቄ፦ የስኮትላንዱ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ ስም ፈረንሳይኛ ነው መባሉ እውነት ነው?

መልስ፦ አዎን፤ በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ ከምትገኘው ብሪ ከተባለች ስፍራ የመጣ ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቤተሰቡ ባሕር ተሻግሮ፣ ሮበርት በ1306 ስኮትላንድ ላይ ነገሠ።