መልስ፦ የሙዝ ቺፕስ ሲቀዘቅዝ ለምን ይለሰልሳል?

እህቴ፣ ቺፕሱ ከዘይት ሲወጣ ቆንጆ ሆኖ ሲቀዘቅዝ ለምን ይለሰልሳል ብለሽ ጠይቀሻል። ሙዙ ቢጫ ነው ብለሻል፤ ችግሩ እሱ ነው። ሙዝ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል። ስኳሩ ውስጡ ሳይደርቅ ላዩን ቶሎ ያጠቁረዋል፤ ሲቀዘቅዝም እርጥበት ይስባል።

ጥሬ ሙዝ ፈልጊ፤ ጠንካራ፣ ጥርት ያለ አረንጓዴ። የአርባ ምንጭ ሙዝ አዲስ አበባ የሚገባው ጥሬውን ነው፤ የሚበስለው እዚሁ መጋዘን ውስጥ ነው። ስለዚህ ጅምላ ሻጮችን ጠይቂ።

የጥሬ ሙዝ ልጣጭ በእጅ እሺ አይልም። ጫፍና ጫፉን ቁረጪና በርዝመቱ በቢላ ሰንጥቀሽ ፈልቅቂው። እጅሽንና ቢላውን ዘይት ቀቢ፤ ሙጫው ልብስ ላይ ካረፈ አይለቅም። ስትቆራርጪው ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ሁሉም እኩል ይሁን።

ዘይቱ 170 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ ጨምሪ። ቸስ እያለ የሚወጣው አረፋ ከሙዙ የሚለቀቅ ውሃ ነው። አረፋው ጋብ ሳይል በፍጹም አታውጪው! ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው። ቀለሙን ብቻ አትመኚ፣ ድምፁን ስሚ፤ ሲደርስ ስታማስይው እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል።

በሕንድ ኬረላ ጨውና እርድ በጥቂት ውሃ በጥብጠው የጋለው ዘይት ውስጥ ጠብ ያደርጋሉ። ጣዕሙ እኩል ይዳረሳል። ግን ዘይቱ ይረጫል፤ አጠገብሽ ልጆች ካሉ ይቅርብሽ፣ ጨዉን እንደወጣ በትኩሱ ነስንሺ። በደንብ ሳይቀዘቅዝም ዕቃ ውስጥ አትክደኚው፤ ላቡ መልሶ ያለሰልሰዋል።